መግቢያው ያዘ ወይስ አልያዘም? የአጭር ቪዲዮ የመጀመሪያ ሰከንዶች እንዴት ይመዘናሉ

የአክስቴ ልጅ ባልትና ትሠራለች። በርበሬ፣ ሽሮ፣ እርድ፣ ሚጥሚጣ። ቤቷ ታዘጋጃለች፣ በስልክ ትዕዛዝ ትቀበላለች፣ በሞተር ትልካለች። አምና ፋሲካ ሲቃረብ ቲክቶክ ላይ አንድ ቪዲዮ ለቀቀች። ማታ ስልኳን ይዛ መጣች።

"አንተ፣ ይኸው ቪው ገብቷል። የደወለ ሰው ግን የለም። ምን ሆኖ ነው?"

ቪዲዮውን ከፈትኩት። "ሰላም ሰላም፣ ውድ የገጻችን ቤተሰቦች፣ እንደምን ሰነበታችሁ? ሁላችሁም ሰላም ናችሁ ወይ? ዛሬ ደግሞ ለየት ያለ ነገር ይዤላችሁ መጥቻለሁ..." እስከዚህ ድረስ የሚታየው ፊቷ ነው። ከኋላዋ ግድግዳ። ከዚያ በኋላ ነው የበርበሬው ዛላ የሚመጣው። እጇ ሲቀነጥስ ይታያል፣ ፍሬው ሰፌዱ ላይ ይራገፋል፣ ትንሹ ልጇ ከጎን ሆኖ ሦስት ጊዜ ያስነጥሳል። ቪዲዮው መጣፈጥ የሚጀምረው እዚህ ነው። እዚህ የደረሰው ሰው ግን ጥቂት ነበር።

"የመጀመሪያዎቹ 3 ሰከንዶች ወሳኝ ናቸው" የማይል ሰው የለም። ይሁን። ግን መግቢያው መሥራቱን በምን እናውቃለን? ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። እኔም ተሳስቻለሁ፤ እንዴት እንደሆነ ወደኋላ እነግራችኋለሁ።

ቪው የሚባለውን ነገር እንጠራጠረው

ቪው ሲባል "ሰው አየው" ማለት ይመስላል። ግን እያንዳንዱ መድረክ የራሱ መቁጠሪያ አለው። ፌስቡክ ለዓመታት አንድ ዕይታ ብሎ ሲቆጥር የኖረው 3 ሰከንድ የታየን ቪዲዮ ነው። የአሜሪካው የሚዲያ ምዘና ምክር ቤት በ2014 እንደ ፈረንጆቹ ያወጣው የማስታወቂያ መስፈርት ደግሞ፣ የቪዲዮው ግማሽ ስክሪኑ ላይ ሆኖ ለ2 ተከታታይ ሰከንዶች ከተጫወተ ይበቃል ይላል። የዩቲዩብ የአጭር ቪዲዮ ክፍል፣ ሾርትስ፣ ከማርች 31 ቀን 2025 ጀምሮ ቪዲዮው መጫወት እንደጀመረ ይቆጥራል። ዞሮ ሲጀምርም እንደገና ይቆጥረዋል። ክፍያ የሚያሰላው ግን በዚህ ቁጥር አይደለም። "ኢንጌጅድ ቪውስ" (ሳያሳልፉ ቆመው ያዩት) ብሎ ለብቻው የሚይዘው ሌላ ቁጥር አለ፤ ገንዘቡ የሚሄደው በእሱ ነው። ከዚህ በላይ ምስክር የለም። ባለቤቱ ራሱ በውጭ የሚያሳየንን ቁጥር ኪሱ ሲነካ አያምነውም።

እንግዲህ ጣቱን ሳያቆም ያለፈ ሰውም ቪው ሆኖ ይቆጠራል። በሱቁ በር ያለፈውን ሁሉ ደንበኛ ብሎ እንደመመዝገብ ነው። የአክስቴ ልጅ ያየችው ቁጥር "ስንት ሰው ፊት ቀረበ" የሚለውን ይነግራታል። "ስንቱ ቆመ" የሚለውን አይነግራትም።

አማካይስ? "በአማካይ ይህን ያህል ሰከንድ ታይቷል" የሚለው ቁጥር ይሻላል። ግን እሱም አካፋዩ ማን እንደሆነ ካልታወቀ ያሳስታል። በሴፕቴምበር 2016 ፌስቡክ በዚህ ጉዳይ ትልቅ ስህተት መሥራቱን አምኗል። ሰዎች ቪዲዮውን ያዩበትን ጠቅላላ ጊዜ ይወስዳል፤ ከዚያ የሚያካፍለው ቪዲዮውን ላስጀመረው ሰው ሁሉ ሳይሆን 3 ሰከንድና ከዚያ በላይ ለቆየው ብቻ ነበር። በቀላል ሒሳብ እንየው። አሥር ሰው ቪዲዮው ደረሰው እንበል። ስድስቱ በ1 ሰከንድ ሄዱ። አራቱ 20፣ 20 ሰከንድ ቆዩ። ድምሩ 86 ሰከንድ ነው። ለአሥር ሲካፈል 8.6። ለአራት ሲካፈል 21.5። ቪዲዮው ያው፣ ተመልካቹ ያው። የጠፉት ስድስቱ ናቸው። መግቢያው ያባረራቸውን ሰዎች ከሒሳቡ አውጥተን "ሰው እኮ ቪዲዮዬን ይወደዋል" ማለት እስከ መጨረሻው ከቆየው ሰው ብቻ ጠይቆ ሰርጉ ደመቀ እንደማለት ነው።

ማስታወቂያ አስነጋሪዎች በወቅቱ መቆጣታቸው አልገረመኝም። እኔን የገረመኝ ይህን ያህል መሐንዲስ ባለበት ቤት ስህተቱ ሁለት ዓመት አካባቢ መቆየቱ ነው።

ሸክሙ ወደ መግቢያው እንዴት ዞረ

ድሮ ዩቲዩብ ላይ ሰው ቪዲዮ ይመርጥ ነበር። ርዕሱን ያነባል፣ ሽፋኑን ያያል፣ ከዚያ ይጫናል። ወዶ የገባ ሰው ትንሽ ይታገሣል። ሰላምታህንም ይሰማልሃል። ቫይን የሚባል መተግበሪያ በ2013 እንደ ፈረንጆቹ ባለ 6 ሰከንድ ቪዲዮ ይዞ መጣ፤ ብዙም አልቆየም። ዶዪን በ2016 ቻይና ውስጥ ተጀመረ፣ ቲክቶክ የሚባለው ወንድሙ ዓለምን አዳረሰ። ኢንስታግራም በኦገስት 2020 ሪልስን፣ ዩቲዩብ በወሩ ሾርትስን ሕንድ ውስጥ አስጀመረ። በእነዚህ ላይ ማንም አይመርጥም። ቪዲዮው ራሱ ይመጣል፣ ራሱ ይጀምራል። የሽፋኑንም የርዕሱንም ሥራ የሚሠራው መግቢያው ነው። ያልጠራኸው ሰው በርህን ሲያንኳኳ "ማነው?" ትላለህ እንጂ ቡና አፍልተህ አትጠብቀውም። ተመልካቹም እንደዚያው ነው።

ግራፉን እናንብበው

ወደ በርበሬው እንመለስ። መተግበሪያዎቹ ለባለቤቱ የሚያሳዩት አንድ መስመር አለ። ሪቴንሽን ይሉታል። በግራ በኩል መቶ ላይ ይጀምራል፣ ወደ ቀኝ እየሄደ ይወርዳል። በየሰከንዱ ስንት በመቶ ሰው እንደቀረ ያሳያል። የመጀመሪያው ሰከንድ ላይ መውረዱ የማይቀር ነው። ጣቱ ቀድሞ የተንቀሳቀሰ፣ ታክሲው የደረሰለት፣ ስልክ የተደወለለት ሁሉ እዚያ ውስጥ አለ። ስለዚህ "ወረደ ወይ?" ብላችሁ አትጠይቁ። የት ቦታ ላይ መውረዱን አቆመ? እሱን ነው ማየት።

የእሷ መስመር ከዜሮ ሰከንድ ጀምሮ እንደ ዓባይ በረሃ ቁልቁለት ይወርዳል። በርበሬው ሲመጣ ግን ቀጥ ይላል። ከዚያ በኋላ የሚሄድ ሰው የለም ማለት ይቻላል። ልጁ ሲያስነጥስ እንዲያውም ትንሽ ከፍ ይላል፤ ወደኋላ መልሰው ያዩ አሉ ማለት ነው። ይህ ደስ የሚል ዜና ነው። ዕቃው ጥሩ ነው፣ ችግሩ በሩ ነው።

ተቃራኒውም አለ። መስመሩ መጀመሪያ ላይ ቀጥ ብሎ ይሄድና አምስተኛው ሰከንድ ላይ ይከሰከሳል። ይህኛው የባሰ ነው። መግቢያው ያልያዘውን ነገር ይዣለሁ ብሏል፤ ሰው ቆሞ አየና ተታለልኩ ብሎ ሄደ።

ዩቲዩብ ላይ ሌላም ቁጥር አለ፤ ቪዲዮው ከቀረበላቸው ስንቱ ቆመው አዩ፣ ስንቱ በጣታቸው አሳለፉት የሚል። ለመግቢያ ምዘና ከሁሉም የሚቀርበው ይህ ነው። እኔ መጀመሪያ የማየው እሱን ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ። አጭር ቪዲዮ ሲያልቅ ራሱ ዞሮ ይጀምራል። ስለዚህ የ7 ሰከንድ ቪዲዮ በአማካይ ከመቶ በመቶ በላይ የታየ ሊመስል ይችላል። የ7 ሰከንዱን ከ40 ሰከንዱ ጋር በፐርሰንት ማወዳደር ሯጭና ጋሪ ማወዳደር ነው። ተቀራራቢ ርዝመት ያላቸውን እርስ በርስ አስተያዩ።

ሰላምታችንና ግሳችን

አሁን ስለ እኛው እናውራ። ከላይ የጻፍኩትን የአክስቴን ልጅ ሰላምታ የስልካችሁን ሰዓት ይዛችሁ በተለመደው ፍጥነት አንብቡት። እኔ ሳነበው ከ8 ሰከንድ በታች አልወረደልኝም። በዚህ ጊዜ ውስጥ አውራ ጣት ብዙ መንገድ ይሄዳል።

ግን ሰላምታውን መናቅ አልፈልግም። እኛ ሰው ቤት ገብተን "እንደምን አደራችሁ" ሳንል ወደ ጉዳያችን አንሄድም። ስለ ልጆቹ፣ ስለ ጤናው፣ ስለ ከብቱ ሳይጠየቅ ወሬ የማይጀመርበት አገር ነው። የአክስቴ ልጅም "ሰላም ሳልል ብጀምር ባለጌ አልባልም?" ብላ ተከራከረችኝ። ነገሩ ግን ሰላምታ የሚሰጠው ለሚያውቁት ወይም ለተቀበለን ሰው ነው። በመንገድ ላይ የሚሮጥን ሰው አስቁሞ የቤተሰቡን ደህንነት አንድ በአንድ መጠየቅ ጨዋነቱ አይታየኝም። ሰላምታው ይኑር፤ ሰውየው ከቆመ በኋላ ይሁን። ወይም በጽሑፍ ከታች ይምጣ፣ ሥራው ደግሞ ከላይ ይቀጥል።

ከሰላምታው ይልቅ የማይታየው ሌላ ችግር ቋንቋችን ውስጥ ነው። አማርኛ ግሱን መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል። የዓረፍተ ነገሩ ፍሬ ያለው ጭራው ላይ ነው። ይህን ስሙት፦

"ትናንት ከገበያ ገዝቼ ያመጣሁትን፣ ነጋዴው ንጹህ ነው ብሎ የማለልኝን በርበሬ ውሃ ውስጥ ብጨምረው ታቹ አሸዋ ሆኖ ተገኘ።"

አሸዋ የምትለዋ ቃል የመጣችው ሰው ከሄደ በኋላ ነው። በጽሑፍ ያምራል። እዚህ ግን አይሆንም። ሰፈር ውስጥ ወሬ ይዛ የምትሮጥ ሴት እንዲህ አትናገርም። "አሸዋ ነው! በርበሬ ብሎ የሸጠልኝ አሸዋ ነው! ደግሞ ምሎልኝ ነበር እኮ!" ነው የምትለው። ዋናውን ቃል ቀድማ ትወረውራለች፣ ዝርዝሩን በኋላ ትለቃቅማለች። የንግግር አማርኛ ይህን ይፈቅዳል። እኛ ግን ካሜራ ፊት ስንቆም ዜና አንባቢ እንሆናለን። መግቢያችሁን ስትገመግሙ አንድ ነገር አድርጉ፤ የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር ጻፉትና ዋናው ቃል ስንተኛ እንደሆነ ቁጠሩ። አሥረኛ ከሆነ ቁረጡት።

የተሳሳትኩበት

ብልህ የሆንኩ መስሎኝ "ማስነጠሱን ወደ ፊት አምጪው" አልኳት። አመጣችው። ቪዲዮው ልጁ በማስነጠስ ይጀምራል፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ሁለተኛውን ለቀቅነው። የቆመው ሰው በግልጽ ጨመረ። እኔም ደረቴን ነፋሁ።

ከዚያ ግራፉን አየነው። መስመሩ እስከ አራተኛው ሰከንድ ያምራል። በርበሬው ሲመጣ ይከሰከሳል። አሁን የመጣው ሰው ሊስቅ የመጣ ነው። ሦስት ጊዜ ያስነጠሰው ሕፃን አራተኛ ጊዜ ሲያስነጥስ ሊያይ ነው የጠበቀው፤ የበርበሬ ዋጋ ሲሰማ ሄደ። ኮሜንቱም "ማሻአላህ ልጁ ሲያምር"፣ "እግዜር ያሳድግልሽ" ብቻ ሆነ። ስለ በርበሬው የጠየቀ አንድም የለም። የደወለም የለም።

መግቢያ ቃል መግባት ነው። ስለዚህ ስንመዝነው ሁለት ጊዜ መጠየቅ አለብን። አንደኛ፣ ስንት ሰው አስቆመ? ሁለተኛ፣ የቆመው የምንፈልገው ሰው ነው ወይ? የመጀመሪያውን ብቻ የሚመዝን ሰው መጨረሻው ጩኸት ነው። "ጉድ ተመልከቱ!" "ይህን ሳታዩ እንዳታልፉ!" እያለ ምንም የሌለበት ቪዲዮ የሚለቀው ይህን መንገድ ይዞ ሲሄድ ነው። አንድ ሁለት ጊዜ ይሠራል። በሦስተኛው ሰዉ ገጽታውን አይቶ ያልፈዋል።

የቆመው ማን እንደሆነ ለማወቅ የአገሩን ዝርዝር ማየትም ይጠቅማል። የእሷ ገጽ ላይ ከአረብ አገራትና ከአሜሪካ የሚያይ ብዙ ነው። አዲስ አበባ ከምሽቱ 2 ሰዓት ሲሆን ዋሽንግተን ገና ቀትር አካባቢ ነው፤ ሰዉ ምሳ ሰዓቱ ላይ የአገሩን በርበሬ ሽታ ይናፍቃል። ይቆያል፣ ልብ ይጭናል፣ ግን በሞተር አይደርሰውም። ለእሱ ጥሩ የሆነ መግቢያ ለገርጂ ደንበኛ ጥሩ ላይሆን ይችላል።

ከምን ጋር ነው የምናወዳድረው?

ሁለተኛውን ቪዲዮ የለቀቅነው ፋሲካ ካለፈ በኋላ ነበር። ይህም ሌላ ስህተት ነው። ከበዓል በፊት ሰው በርበሬ በርበሬ ይላል፤ ከበዓል በኋላ ሌማቱ ሙሉ ነው። ስለዚህ ልዩነቱ የመግቢያው ይሁን የፋሲካው ማን ያውቃል? ሁለት መግቢያ ማወዳደር የፈለገ ሰው ሌላውን ሁሉ አንድ ዓይነት ያድርገው። ቀኑ ተቀራራቢ፣ ሰዓቱ ያው፣ ከአራተኛው ሰከንድ በኋላ ያለው ክፍል ምንም ሳይነካ። ሙዚቃውንም፣ ሰላምታውንም፣ ጽሑፉንም በአንድ ጊዜ ቀይሮ "ሠራ!" የሚል ሰው የትኛው እንደሠራ አያውቅም።

የሰው ቁጥርም አለ። መግቢያ አንድ 200 ሰው ደርሶት 60 በመቶው ቆመ እንበል። መግቢያ ሁለት ደግሞ 200 ደርሶት 64 በመቶ። ሁለተኛው በለጠ ብሎ መጨፈር አይቻልም። በ200 ሰው ላይ እንዲህ ያለ ቁጥር በዕድል ብቻ ወደ ላይም ወደ ታችም 7 ነጥብ ገደማ ሊወዛወዝ ይችላል። 2,000 ሰው ከሆነ ውዝዋዜው ወደ 2 ነጥብ ይጠባል። ገጹ ትንሽ የሆነ ሰው ታዲያ ምን ያድርግ? በአንድ ቪዲዮ አይፍረድ። በአንድ ዓይነት መግቢያ አምስት ስድስት ቪዲዮ ሠርቶ በጅምላ ይይ። ትልቅ ልዩነት ከሆነ ለማንኛውም ይታያል።

ኢንስታግራም በዲሴምበር 2024 ትራያል ሪልስ የሚል ነገር አምጥቷል። ቪዲዮውን መጀመሪያ ለማይከተሉህ ሰዎች ብቻ ያሳይልሃል። ለመግቢያ ፈተና ይህ ጥሩ ነው። ተከታይህ ፊትህን ስለሚያውቅ ይታገሥሃል። የማያውቅህ ሰው ግን አይምርህም፤ ለፈተና የሚፈለገው እሱ ነው።

ቁጥሩ ከመምጣቱ በፊትም የሚደረግ ነገር አለ። ቪዲዮውን ድምፁን ዘግታችሁ እዩት። ብዙ ሰው ታክሲ ውስጥ፣ ቢሮ ውስጥ፣ ባልየው ተኝቶ እያለ ነው የሚያየው። ከዚያ ከቤት ውጡና ፀሐይ ላይ እዩት። ኔትወርክ ሲደክም መተግበሪያው የምስሉን ጥራት ዝቅ ያደርጋል፤ በጥሩ ዋይፋይ ላይ የሚያምረው ደቃቅ ጽሑፍ ጥቅሉ ሊያልቅ በደረሰ ስልክ ላይ ጉንዳን ይመስላል። መግቢያው የተንጠለጠለው በዚያ ጽሑፍ ላይ ከሆነ ለግማሹ ሰው መግቢያ የለም ማለት ነው።

ሦስተኛውን ቪዲዮ ስንሠራ የአክስቴ ልጅ እኔን መስማት ትታ ነበር፤ አልፈርድባትም። ራሷ አሰበችበት። አንድ ብርጭቆ ውሃ። አንድ ማንኪያ በርበሬ። ፊት የለም፣ ሰላምታ የለም። እጇ ዱቄቱን ውሃው ላይ ትበትነዋለች፣ ድምፅዋ "አሸዋ አለው የለውም? አሁን ይታያል" ይላል። ሸክላ ወይም አሸዋ የተቀላቀለበት ከሆነ እሱ ፈጥኖ ከታች ይዘቅጣል። ውሃ ሁሉንም ማጭበርበር አያጋልጥም፣ ይህን ግን ያሳያል። ሰላምታው ከሰባተኛው ሰከንድ በኋላ መጣ፤ አልቀረም።

ከመልቀቋ በፊት ጎረቤት ያሉትን እማማ ጠራቻቸው። ምን እንደሆነ ሳትነግራቸው ስልኩን ሰጠቻቸውና ልክ 3 ሰከንድ ላይ አቆመችው። ዱቄቱ ገና ውሃው ፊት ላይ ተንሳፍፏል። "ምን የሚያሳይ ይመስልዎታል?" ብላ ልትጠይቃቸው ነበር። እማማ መነጽራቸውን አስተካክለው ስልኩን አጥብቀው ያዙ።

"ምነው አቆምሽው? ዘቀጠ ወይስ አልዘቀጠም? ልየው እንጂ!"